በእሾህ የተዘጋው ብርካ

ላንድሮቨሯ ከጅጅጋ ስትወጣ ፀሐይ ከሜዳው ጫፍ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። መሪውን የያዘው ካሣዬ ነው፤ አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሱም ጅጅጋ ተወልዶ ጅጅጋ የሸበተ ሾፌር። ከጎኑ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህሩ ቀለመወርቅ ተቀምጧል። ከኋላ፣ በጀሪካንና በብርድ ልብስ መሃል፣ ኢንገር የምትባል ከዴንማርክ የመጣች ጡረተኛ አስተማሪ የሩቅ ማሳያ መነጽሯን እንደ ሕፃን ታቅፋ ትንገላታለች። የመጣችው አንዲት ወፍ ለማየት ነው። አፈር የምትመስል፣ ከዚያ ሜዳ ሣር በቀር ሌላ አገር የሌላት፣ ለረጅም ዘመን ያየኋት የሚል ሰው ያልተገኘላት ትንሽ ወፍ።

ለአንዲት ወፍ ባሕር ተሻግራ መጣች ብሎ የሚስቅ ይሳቅ። የሚሳቅበት ሰው በዚያች መኪና ውስጥ ነበር፤ ኢንገር ግን አልነበረችም። ስድሳ ዓመት አልፏት፣ ጉልበቷ እያመማት፣ ስለ ወንበሩ አንድም ቀን አልተማረረችም። ቀለመወርቅ ግን የድንበሩ ጦርነት እንዳበቃ ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ አገሩን ሲያማ ነው የኖረው። አቧራው፣ ውሃው፣ ሙቀቱ፣ ሁሉም በደል ነበር ለእሱ። ኢንገር ወፏ ከተገኘች በአገሯ ያለ ሙዚየም ስሙን እንደሚሰማ፣ እዚያ ሄዶ የሚማርበት በርም እንደሚከፈትለት ነግራዋለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ወፏን ከኢንገር ይልቅ እሱ ፈለጋት።

የካቲት 1977 ነበር፤ ሶማሌዎቹ ጂላል የሚሉት ረጅም በጋ አገሩን ይዞታል። የሸደር ከተማን መንገድ ለቀው ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ የተቃጠሉ ታንኮች እንደ ሞቱ ከብቶች በሣሩ ውስጥ ተጋድመው አዩ። ካሣዬ ከዚያ በኋላ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ፈንጂው ገና አልተነቀለም። ጎማውን በግመል ኮቴ ላይ ብቻ ያሳርፋል፤ ኮቴው ሲጠፋበት ወርዶ ትኩስ ፋንድያ ይፈልጋል። ኢንገር አንድ ጊዜ ወፍ አይታ በሩን ከፍታ ልትወርድ ስትል ክንዷን ይዞ መለሳት፤ እሷም ይቅርታ ጠየቀች።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። መጀመሪያ ሣሩን አስተኛው፤ ከዚያ ቀይ አፈር እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣባቸው። መስታወቱ ጨለመ፤ አሸዋው ቆርቆሮውን ጫረው። ካሣዬ መኪናዋን በጀርባዋ ለነፋሱ ሰጥቶ አቆማትና ሦስቱም ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተኮራመቱ። ነፋሱ ሲያልፍ ራዲያተሩ ያንጠባጥብ ነበር። ካሣዬ ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነው። ሳሙናው ግን ሩቅ አላስኬዳቸውም፤ የሚጠጡትን ውሃ ለሞተሩ እያጠጡ ተጓዙ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርካው ጋ ደረሱ። ብርካ መሬት ተቆፍሮ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። አፉ ጥቅጥቅ ብሎ በግራር እሾህ ተዘግቷል። ከእሾሁ በላይ ወፎች ይዞራሉ፤ ውሃው ይሸታቸዋል፣ መውረጃ ግን የላቸውም።

ኢንገር ብርካው የማን እንደሆነ ጠየቀች።

«የማንም አይደለም» አላት ቀለመወርቅ። «የመንግሥት ነው።»

በዚያ ዘመን ሌላው የደከመበትን ነገር በአንድ ቃል የማንም ማድረግ የተማረ ሰው ልማድ ሆኖ ነበር። መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የመንግሥት፤ በማን ላብ እንደተቆፈረ የማይጠየቅ ጉድጓድም እንዲሁ። ቀለመወርቅ ግን አለማወቁ ሰበብ ሊሆነው አይችልም። ጅጅጋ ገበያ ተቀምጦ ሻይ የጠጣ ሁሉ ያውቃልና። በእሾህ የተዘጋ ብርካ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሩቅ ግጦሽ ላይ ነው፤ ጂላሉ ሲበረታ ይመጣበታል። ዘበኛ አይቆምለትም። የተጠማ መንገደኛ ከፍቶ ይጠጣል፣ መልሶ ይዘጋል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሽፍታ እንኳ ያከብረዋል።

መምህሩ ግን እሾሁን በገመድ አስሮ በመኪና ጎትቶ ሊያነሣው አሰበ። ካሣዬ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ይዞ ቆመ።

«መምህር፣ ይሄ እሾህ እኮ ንፋስ ያመጣው አይደለም።»

«አውቃለሁ። ነገ ጠዋት እንመልሰዋለን።»

«ዛሬ ጠጥተን ዛሬ ብንመልሰውስ?»

«ወፏ ብትወርድ ጎህ ሲቀድ ነው የምትወርደው። ንዳ ጋሽ ካሣዬ፤ የሚጠየቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

ካሣዬ ነዳ። እሾሁ ተነቀለ፤ ውሃው ሰማዩን ይዞ ብልጭ አለ። ጀሪካን መሙላቱን ለጠዋት ተዉት፤ ወፎቹ እንዳይሸሹ ነው። መኪናዋን ራቅ አድርገው አቆሙና ውስጧ ተኙ።

ጎህ ሲቀድ በሆዳቸው እየተሳቡ ከአንድ ቁጥቋጦ ስር ገቡ። ርግቦች መጡ፤ የበረሃ ቆቆች እየጮሁ ወረዱ። ከዚያ አንዲት ቡናማ፣ ግርማ ሞገስ የሌላት፣ እግረ ረጅም ወፍ ከሣሩ ወጥታ በብርካው ከንፈር ላይ ሮጠች። ኢንገር መነጽሩን ከዓይኗ ሳትነቅል የቀለመወርቅን እጅ ፈልጋ ያዘችው። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ቀለመወርቅ በዚያች ቅጽበት የአውሮፓን በረዶ በሐሳቡ ይረግጥ ነበር።

ወፏ ግን ውሃው ላይ አልወረደችም። አንገቷን አስግጋ ወደ ታች አየችና በረረች። ሌሎቹም ተከትለዋት ተነሡ። ያኔ ነው ከብርካው ውስጥ የሚጫጭር ድምፅ የሰሙት።

ሦስት ጅቦች ሌሊቱን ውሃ ሸቷቸው ወርደዋል። ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ መውጫ የለውም። ሁለቱ በድንጋጤ ተናክሰው ሞተው ይንሳፈፋሉ፤ የአንደኛው ሆድ ተዘርግፎ ውሃው ቀልቷል። ሦስተኛው በጓደኞቹ ሬሳ ላይ እየወጣ ሲሚንቶውን ይቧጥጣል።

ካሣዬ በሕይወት ያለውን ለማውጣት የወደቀ የግራር ግንድ እየጎተተ መጥቶ ወደ ውስጥ አወረደ። ጫፉን ይዞ ዘወር ሳይል ጅቡ ተንጠላጥሎ ወጣና ተወረወረ። ካሣዬን ደረቱ ላይ መትቶ ጣለው፤ ሲያልፍ ባቱን በጥርሱ ቀደደው። ኢንገር በባዶ ጀሪካን እየደበደበች ጮኸችበት። ጅቡ እያነከሰ በሣሩ ውስጥ ጠፋ።

ኢንገር ሸሚዟን ቀድዳ ቁስሉን ስታስር ቀለመወርቅ በብርካው አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሬሳዎቹን አውጥቶ ውሃውን ማዳን እንደማይቻል አየ። ሰው ይዞ፣ ባልዲ ይዞ፣ ደጋግሞ መቅዳትና ማጠብ ይጠይቃል። ካሣዬ ደግሞ ይደማል። እውነት ነበር፤ ካሣዬ ይደማ ነበር። ደካማ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ያለች ግማሽ እውነት አታጣውም። እሾሁን መልሶ ጎተተና ብርካውን እንደነበረ አድርጎ ዘጋው። ያየ ሰው ማንም አልነካውም ይላል።

ለኢንገር መንግሥት ሰው ልኮ እንደሚያጸዳው ነገራት። እሷም አየችው፤ ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ወደ ሸደር ሲመለሱ ቀለመወርቅ ነዳ። በጀሪካኑ የቀረችው ውሃ ለራዲያተሩ አልበቃችም፤ ከብርካው ለሞተሩ እንኳ መቅዳት በጥድፊያው አልታሰባቸውም ነበር። ፀሐይ ከመክረሯ በፊት ሞተሩ ግሎ፣ አንድ ጊዜ አቃስቶ፣ ከደረቅ ቦይ ውስጥ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። በእግር ተነሡ። ካሣዬ በትር ተደግፎ በግመል ዱካ ላይ ከፊት ያነክሳል። ሙቀቱ ከላይ ይመታል፣ ከመሬት ይመለሳል። ምላሳቸው አበጠ። ኢንገር ባርኔጣዋን ለቆሰለው ሰጥታ ራሷን በፎጣ ጠቀለለች። ቀለመወርቅ ደረቅ ምራቁን ለመዋጥ እየታገለ ስለ አንድ ነገር ብቻ ያስባል፤ ያን ሁሉ ውሃ ትቶ እንደሄደ።

«ዋርያ!»

«አንተ!» የሚለው የሶማሊኛ ጥሪ ከጉብታው ላይ መጣ። ጠመንጃ የደገነ ረጅም ሰው ቆሟል። ከኋላው ግመሎች፣ ፍየሎች፣ በጭነት ላይ የታሰሩ ሁለት ሕፃናትና ግመሎቹን የምትመራ ሴት ብቅ አሉ። ሰውየው ከሁሉ አስቀድሞ ያየው መነጽሩን ነው። በዚያ ድንበር መነጽር ያንጠለጠለ ሰው ሰላይ ነው፤ ወይ ለመድፍ ኢላማ ያመለክታል። ዋርፋ ይባላል፤ ጅጅጋ ልባሽ ጨርቅ ሲያመላልስ የለመደው አማርኛ አለው።

«ጦርነቱ አልቋል ብላችሁን ነበር። አሁን ማንን ነው የምትፈልጉት?»

«ወፍ» አለ ቀለመወርቅ።

«ወፍ?» ዋርፋ ጠመንጃውን ሳያወርድ ከት ብሎ ሳቀ። «ጅጅጋ ወፍ አለቀ? ንገረኝ እንጂ፤ ከዚህ ጭነን እንሸጥላችሁ።»

ሴትዮዋ አንድ ቃል ተናግራው አለፈችና የካሣዬን ባት አየች። ከዚያ ከግመሉ ጎን የቀረውን አንድ የውሃ ዕቃ ፈታች። ሕፃናቱ ውሃውን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን መጀመሪያ ለቆሰለው፣ ቀጥላ ለባዕዷ ሴት፣ ቀጥላ ለመምህሩ አጠጣች። የመጣው እንግዳ ነዋ። ለልጆቿ የደረሳቸው ከንፈር ማራሻ ነው። ኤብላ ትባላለች፤ የዋርፋ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባታል።

በግመሎቹ ጥላ ሲያርፉ ዋርፋ መንገዳቸውን ነገራቸው። ከሩቅ ግጦሽ ውሃ ሳያገኙ ነው የመጡት፤ ግን ችግር የለም፣ ነገ ረፋድ ላይ በእሾህ ከዘጉት ብርካቸው ይደርሳሉ። የኤብላ ባል ከእሱ ጋር ሆኖ የቆፈረው ነው። ለሲሚንቶው የወለዱ ግመሎች ሸጠዋል፤ ሲሚንቶውንም ከጅጅጋ በግመል ጀርባ አምጥተዋል። ባልየው ሲሞት ለልጆቹ የተወው ያንን ውሃ ነው። አሁን ዋርፋ እንግዶቹን በአንድ ግመል ወደ ሸደር ያደርሳል፤ ኤብላ ከብቶቹን ይዛ ወደ ብርካው ትቀጥላለች።

ኢንገር ምን እንዳለ ጠየቀች። ቀለመወርቅ ወደ ሸደር እንደሚያደርሳቸው ብቻ ተረጎመላት።

ስለ ብርካው ለዋርፋም አልነገረም። ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ዝም ብሎ ደግሞ ጠጣ። መዳኑ ተረጋግጧል። እነሱ ሸደር አድረው፣ ነገ ኤብላ እሾሁን ታነሣለች፤ ያን ጊዜ ከዚያ ወደ ሌላ ውሃ የሚደርስ አቅም በከብቶቹም በሕፃናቱም አይኖርም። ማን እንደከፈተው ግን የሚያውቅ አይኖርም። ይህን ሁሉ አሰላ። የውሃዋ ጣዕም ገና አፉ ውስጥ እያለ አሰላ።

ኤብላ ግመሎቿን አስነሥታ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መለሰች። ካሣዬ መምህሩን ያየው ነበር። ቀለመወርቅ ተነሥቶ ተከተላትና የግመሉን ገመድ ያዘ። የገበያ ሶማሊኛው ድንገት አነሰው፤ ያለውን ቃል ሰብስቦ ነገራት።

«ወደዚያ አትሂጂ። ጅብ ገብቶ ሞቶበታል።»

«በእሾሁ ውስጥ በምን ገባ?»

«እኔ ከፈትኩት።»

ኤብላ ፊቱን አየችው። የተሰነጠቀ ከንፈሩን፣ አቧራውን፣ እግሩን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትሰጠውን ሰጠችው።

«ጠምቶህ ነው። ጠጥተህ መዝጋቱን ረሳኸው።»

በሩን ራሷ ከፈተችለት። አዎ ቢላት ያበቃ ነበር፤ የተጠማ ሰው አይወቀስም። ካሣዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አልጠማኝም ነበር» አለ ቀለመወርቅ። «ወፍ እንድትወርድ ብዬ ነው።»

ዋርፋ ጠመንጃውን አቀባብሎ መጣ። በሶማሊኛ ይጮህ የነበረውን ቀለመወርቅ ግማሹን ብቻ ተረዳ፤ ያም በቂ ነበር። ኤብላ በመሃላቸው ገብታ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ውሃዬን ጠጥተዋል» አለች። «እንግዶቼ ናቸው።»

ግመሎቹን ወደ ሸደር አዞረች።

ያንን መንገድ ጉዞ ማለት ማሾፍ ነው። ፍየሎቹ አንድ በአንድ ይቀሩ ጀመር፤ መጀመሪያ ያረገዙት፣ ቀጥለው ግልገሎቹ። ዋርፋ እየተመለሰ በቢላ ያሳርፋቸዋል፤ በተመለሰ ቁጥር ቢላውን በመምህሩ ፊት ነው የሚጠርገው። ካሣዬና ሕፃናቱ ግመል ላይ ናቸው። ቀለመወርቅ የወደቀ ግልገል አንሥቶ ተሸከመ፤ ትከሻው ላይ ሞተበት። አንዲት ወጣት ግመል ተንበረከከችና አልነሣ አለች። ኤብላ አንገቷን ዳብሳ ስሟን ጠራችላት፤ ከዚያ ዘወር ብላ ሳታይ ሄደች።

ኢንገር ለምን እንደዞሩ ጠየቀችው። አሁን ሁሉንም ነገራት፤ ውሸቱን ጭምር። ጥቂት እርምጃ ቀድማው ሄደች።

«ምን እንደምትመልስልኝ አውቄ ነው የጠየቅሁህ» አለች በመጨረሻ። «ወፏን ማየት ፈልጌ ነበር።»

መነጽሩን ከአንገቷ አውልቃ ከሻንጣዋ ሥር ከተተችው። ስለ ሙዚየሙ ከዚያ ወዲያ አላነሣችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ከሸደር በታች ያለው ደረቅ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አሸዋው ውስጥ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ወንዶች በግድግዳው እርከን ላይ ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ። ሁሉም በአንድነት ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ ለእጃቸው ምት ይሰጣል፣ ከብቱን ይጠራል። ዙሪያውን ግመል በግመል ነው። ተራ የሚያስጠብቁ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን አነሡና የኤብላን ግመሎች አስቆሙ። በዚያ ያለው ሁሉ ተራውን ይዞ ቀናት የጠበቀ ነው። ኤብላ ብርካ እንዳላት ያውቃሉ፤ የራሷን ውሃ ዘግታ የሰውን ለምን ፈለገች? ብርካው በአደጋ የተበላሸበት ሰው ግን ያለ ተራ ያጠጣል። ምን እንደደረሰባት ጠየቋት።

ኤብላ ተበላሽቷል አለች። በምን? ዝም አለች። ማን ነካው? ዝም። ዋርፋ አፉን ሲከፍት በዓይኗ ገታችው። ያጠጣችውን እንግዳ በሕዝብ ፊት አሳልፋ አትሰጥም፤ ግመሎቿ ከኋላዋ ሲብረከረኩ ይሰማታል፣ ሕፃናቱ ማልቀስ ትተዋል፣ ግን አትሰጥም። ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ጠቆሙ።

ቀለመወርቅ ጥይት ቢሆን ይሻለው ነበር። ሰውን ይቅርታ እንዲህ አድርጎ ሲያዋርደው ከዚያ በፊት አላየም።

ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄዶ ቆመ። ባልዲው ቆመ፤ ሁሉም ዞረው አዩት። በተሰባበረ ሶማሊኛው ማን እንደሆነ፣ እሾሁን ማን እንዳነሣው፣ ለምን እንዳነሣው ተናገረ። አልጠማኝም ነበር የሚለውን ሁለት ጊዜ አለው፤ ሳይሰሙት እንዳይቀሩ። መልሶ ዘግቶ ጥሎ መሄዱንም ተናገረ፤ ይህን ለኤብላ እንኳ አልነገራትም ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷን አዞረች።

አንዱ በትር አነሣ። ሽማግሌው ያዙት። ከዚያ ሰልፉ ተከፈለና ለኤብላ ግመሎች መንገድ ተለቀቀ።

ቀለመወርቅ ሸሚዙን አውልቆ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። በየእርከኑ ያሉት ወንዶች ሳይነኩት አሳለፉት። ከታች ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነበር፤ እዚያ የነበረው ሰው ባልዲውን አስጨብጦት ወጣ። ቀለመወርቅ ሞልቶ ወደ ላይ ሰጠ። እጆች ተቀበሉት። ሌላ ሞላ። ዘፈኑን ጠበቀ፤ ዘፈን አልነበረም። የባልዲው መንኳኳት፣ የግመሎቹ መጎንጨት፣ የራሱ ትንፋሽ ብቻ። የላይኛዎቹ ሰዎች እሱ የነካውን ውሃ ለከብቷ ያሳልፋሉ፤ በውሃው ላይ ግን ድምፃቸውን አይጨምሩለትም።

ወገቡ ተሰበረ፣ መዳፉ ተላጠ፤ አላረፈም። የኤብላ የመጨረሻዋ ፍየል ጠጥታ እስክትመለስ ቀዳ። ከዚያ በጸጥታው መካከል ከእርከን ወደ እርከን እየተንጠላጠለ ወጣ። አንድ ወጣት ወንድ በአጠገቡ አልፎ ወደ ስፍራው ወረደ።

ቀለመወርቅ ገና አሸዋው ላይ ሳይቀመጥ፣ ከኋላው ዘፈኑ ተጀመረ።